ለተርኪ አደን እርሳስ ወይስ ተንግስተን? በገዛ ጠመንጃዎ ፈትኖ የመምረጥ መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ የሚታደንበት የጸደይ ወቅት ሊከፈት ሲቃረብ፣ የጥይት መደርደሪያ ፊት የቆመ አዳኝ ሁለት ዓይነት ሣጥን እያየ ያመነታል። በአንደኛው ውስጥ ያለው ዓለም ሁሉ ለዘመናት ሲተኩሰው የኖረው እርሳስ ነው። ሁለተኛው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጥይት ብቻ ይዞ ዋጋው ከእርሳሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው በአጭሩ ቲ ኤስ ኤስ የሚባለው፣ ተንግስተን ከሚባል በጣም ከባድ ብረት የተሠራ ፍሬ ነው። ፍሬ የምለው ሾትጋን የሚባለው ጠመንጃ በአንድ ተኩስ የሚረጫቸውን ትናንሽ ድቡልቡሎች ነው። ሻጩም፣ ሣጥኑ ላይ የታተመው ማስታወቂያም የሚያወድሱት ርቀቱን ነው። የእኔ አስተያየት ከዚህ ይለያል። ለተንግስተን የወጣ ገንዘብ የሚያዋጣው ቀለል ባለ ጠመንጃ ለማደን ሲውል ነው፤ የተኩስ ርቀትን ለማስረዘም ሲውል ግን ብዙ ጊዜ ቆስሎ የሚያመልጥ ወፍ ያተርፋል።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ መቀበል አይገባዎትም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቂት ትልልቅ ወረቀቶችና አንድ ባለቀለም እስክሪብቶ ካለዎት ራስዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. መጀመሪያ ሕጉን ያጣሩ

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ኮሎራዶ ሁሉም የዱር ተርኪ አላቸው። ደንባቸው ግን አንድ አይደለም።

ከአደን ደንቡም በፊት የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን ያስቀድሙ። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ባለመሆኑ ብቻ መሣሪያ ከመያዝ አይከለከልም። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርሕ ይከለከላል፤ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ በግዛት የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ሕጋዊ መኖሪያ የሌለው ሰው የጓደኛውን ጠመንጃ ለአንድ ሰዓት መያዙ እንኳ ከባድ ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ የሚማከሩት ጥይት ሻጩን ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይሁን።

ከዚያ የአዳኞች ደኅንነት ትምህርትና ፈቃድ ይከተላል። ቀጥሎ የጥይቱ ሕግ ነው። ዳክዬና ዝይ የመሳሰሉ የውሃ ወፎችን በእርሳስ ማደን በመላው አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ክልክል ነው። ወፎቹ ምግብ የሚፈጭላቸውን ጠጠር ከረግረግ ሲለቅሙ የወደቀውን የእርሳስ ፍሬ አብረው ይውጣሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ እየተፈጨ ደማቸውን ይመርዛል። ተርኪ የውሃ ወፍ ስላልሆነ በአብዛኞቹ ግዛቶች በእርሳስ ማደን ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የጠመንጃ አደን እርሳስን ከልክላለች። በሌሎች ግዛቶችም እርሳስ የማይፈቅዱ የሕዝብ መሬቶች ስላሉ፣ የሚያድኑበትን ቦታ ስም ይዘው የግዛቱን የዓመቱን መመሪያ ያንብቡ። በዚያው መመሪያ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ የሚፈቀደውን የጠመንጃ ጌጅ (የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል)፣ የሚፈቀደውን የፍሬ መጠንና የተኩስ ሰዓቱን። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ የጸደዩ ወቅት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ መግደል የሚፈቀደውም ደረቱ ላይ ጺም መሰል ጭራ የወጣለትን ወፍ ብቻ ነው።

2. ልዩነቱን በወረቀት ላይ ያስሉ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይስጡት። የሾትጋን ፍሬ ቆዳና አጥንት ዘልቆ የሚገባው በፍጥነቱና ከስፋቱ አንጻር በተሸከመው ክብደት ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማነጻጸር የብረቱን እፍግታ በፍሬው ውፍረት ማባዛት ይበቃል።

እፍግታው በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲለካ በግምት ይህን ይመስላል፦ አረብ ብረት 7.9 ግራም፣ የቢስመዝ ቅይጥ 9.6፣ ለፍሬ የተጠናከረ እርሳስ 11.1፣ ቲ ኤስ ኤስ 18። በመካከል ከ12 እስከ 15 ግራም የሚደርሱ ሌሎች የተንግስተን ቅይጦችም አሉ።

ውፍረቱን ከፍሬው ቁጥር ማግኘት ይቻላል። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥሩን ከ17 ሲቀንሱ የሚተርፈው የፍሬው ውፍረት በኢንች መቶኛ ነው። ቁጥር 5 ከሆነ 12 ይተርፋል፤ ማለትም 0.12 ኢንች ወይም 3.05 ሚሊ ሜትር። ቁጥር 9 ከሆነ 8 ይተርፋል፤ 0.08 ኢንች ወይም 2.03 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል።

አሁን ያባዙ። ቁጥር 5 እርሳስ 33.9 ገደማ ይሰጣል፤ ቁጥር 4 እርሳስ 36.6 ገደማ። ቁጥር 9 ቲ ኤስ ኤስ ደግሞ 36.5። ከጎመን ዘር ብዙም የማትበልጠው የተንግስተን ፍሬ በዚህ መለኪያ ከግዙፉ ቁጥር 4 እርሳስ ጋር እኩል ቆመች ማለት ነው። በአንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) ውስጥ ግን ቁጥር 4 እርሳስ 135 ገደማ ፍሬ ሲይዝ ቁጥር 9 ቲ ኤስ ኤስ 360 ገደማ ይይዛል። የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የዘልቆ መግባት አቅሙ ሳይቀንስ የፍሬው ብዛት ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

በዚያው ስሌት ቁጥር 4 አረብ ብረትን ቢሞክሩ 26 ያገኛሉ። ብረት ርካሽና መርዝ የሌለው ቢሆንም ለተርኪ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥር 5 ቢስመዝ 29 ገደማ ላይ ይቆማል፤ በቅርብ ርቀት ለሚተኩስ ሰው፣ በተለይም እርሳስ በተከለከለበት ቦታ አሮጌ ጠመንጃ ለያዘ ሰው፣ የሚረባ ምርጫ ነው። ቁጥር 7 ቲ ኤስ ኤስ 45 አልፎ ይሄዳል፤ ለተርኪ ግን የፍሬውን ብዛት መሥዋዕት አድርጎ የማይፈለግ ጉልበት መግዛት ይሆናል።

ስሌቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ ባሩዱ ሲፈነዳ ከታች ያሉት ፍሬዎች በላይኞቹ ክብደት ተጨፍልቀው ይወጣሉ። ጎኑ የተጠፈጠፈ ፍሬ አየር ላይ ከመንገዱ ይወጣል፤ ፍጥነቱም ቶሎ ይወርዳል። አምራቾች በመዳብ የሚለብጡት ወይም በፍሬዎቹ መካከል የፕላስቲክ ዱቄት የሚጨምሩት ይህን ለመቀነስ ነው። ተንግስተን ግን ክብ ሆኖ ገብቶ ክብ ሆኖ ይወጣል።

3. የሚነጻጸሩትን ጥይቶች ይምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው በአንድ 12 ጌጅ ጠመንጃ የእርሳሱንም የተንግስተኑንም መተኮስ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተንግስተኑ ያሸንፋል፤ ሰውየውም ኪሱን አራግፎ ይገዛል። ጠቃሚው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው፦ ከባዱ ጠመንጃ በእርሳስ የሚሠራውን ቀላሉ ጠመንጃ በተንግስተን ይሠራዋል ወይ?

ስለዚህ ሦስት ጥይቶችን ጎን ለጎን ያስቡ። ርዝመቱ 3 ኢንች የሆነ የ12 ጌጅ ጥይት፣ 1¾ አውንስ ቁጥር 5 እርሳስ የያዘው፣ 300 ገደማ ፍሬ አለው። ባለ 3 ኢንች 20 ጌጅ፣ 1½ አውንስ ቁጥር 9 ቲ ኤስ ኤስ የያዘው፣ 540 ገደማ አለው። ፎር ቴን የምትባለው ቀጭኗ ጠመንጃ ደግሞ 13/16 አውንስ ቁጥር 9 ስትጎርስ 290 ገደማ ፍሬ ትይዛለች። መጨረሻዋን ልብ ይበሉ። ድሮ የሕፃናት መለማመጃ ተብላ የምትናቀው ጠመንጃ በፍሬ ብዛት ከታላቁ 12 ጌጅ እርሳስ እኩል ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ ፍሬዎቿም በዘልቆ መግባት አቅም ይበልጣሉ።

ትከሻዎ ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል። የጠመንጃ ርግጫ በአብዛኛው ከሚወነጨፈው ክብደትና ፍጥነት የሚመጣ በመሆኑ፣ ከ1¾ ወደ 1½ አውንስ፣ ይልቁንም ወደ 13/16 አውንስ መውረድ ትልቅ እፎይታ ነው። ቀላል ጠመንጃ ከዚያ እፎይታ ላይ ጥቂቱን መልሶ እንደሚወስድ ግን አይርሱ። ርግጫ የሚፈራ ተኳሽ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጠመንጃውንም ወደ ታች ይገፋል። የጓሮ ጀግና ነኝ ባዩን ሰው ባለ 3½ ኢንች ጥይት አስተኩሰው ዓይኑን ይመልከቱ፤ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዎታል።

ያለዎት ጠመንጃ አንድ ብቻ ከሆነም ሙከራው ይሠራል። የእርሳሱንና የተንግስተኑን ጥይት ለዚያው ጠመንጃ ይግዙ፤ የትኛው በየትኛው ርቀት እንደሚበቃዎት ይለያሉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የተንግስተን ፍሬ ለብቻው ገዝቶ ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት በዚህ ዘመን ተለምዷል። ሙያው ከሌለዎት አይግቡበት። ለእርሳስ የተሠራ የባሩድ ልክ ለተንግስተን አይሆንም፤ ልኩ ሲስት የሚፈነዳው ከፊትዎ አጠገብ ነው።

4. ቾኩን ያስተካክሉ

ቾክ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመድ ማጥበቂያ ነው። የ12 ጌጅ በርሜል የውስጥ ስፋት በመደበኛው 0.729 ኢንች ሲሆን ለተርኪ የሚሠሩ ቾኮች ከ0.650 እስከ 0.670 ባለው አካባቢ ያጠቡታል። በጣም ማጥበብ ሁልጊዜ የተሻለ ስርጭት፣ ማለትም ፍሬዎቹ ወረቀቱ ላይ ተጠቅጥቀው የሚያርፉበትን ሁኔታ፣ አይሰጥም። እርሳስ በጠባብ ቀዳዳ ሲጨመቅ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀው ይበተናል። አንዳንድ ጠመንጃ ቾኩ ትንሽ ሲላላለት ወረቀቱ ላይ የሚያምር ውጤት ያወጣል።

ተንግስተን እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በርሜሉን በቀጥታ መንካት የለበትም። ወፍራም የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ታጥቆ የሚመጣው ለዚህ ነው። ቾኩ ላይ ወይም ከእሱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ለተንግስተን የተፈቀደ መሆኑን ያንብቡ፤ ካልተጻፈ አምራቹን ይጠይቁ። ጠባብ የተርኪ ቾክ ውስጥ አረብ ብረት መተኮስ ደግሞ አፈሙዙን ሊያሳብጠው ይችላል። ከአባት የተወረሰ ባለ ሁለት አፍ አሮጌ ጠመንጃ ካለዎት ብረትም ተንግስተንም አይሞክሩበት።

5. ወረቀቱን ይስቀሉና ይተኩሱ

ጎንና ጎኑ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚሆን መጠቅለያ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፈው ከኋላው የአፈር ግድብ ባለበት የተኩስ ሜዳ ያቁሙ። ድንጋይ ወይም የብረት ሰሌዳ ላይ ፈጽሞ አይተኩሱ፤ ጠንካራ ፍሬ ነጥሮ ይመለሳል። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ለተኳሹም ለተመልካቹም ነው።

ወረቀቱ መሐል የጡጫ ያህል ጥቁር ምልክት ያድርጉ። ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው በመጀመሪያ ከ20 ያርድ በርካሽ የልምምድ ጥይት ጥቂት ጊዜ ይተኩሱ። ጠመንጃው ያነጣጠሩበት ቦታ ካልመታ ማነጣጠሪያውን አሁን ያስተካክሉ። የተርኪ ቾክ ስርጭቱን ስለሚያጠበው፣ ለጥንቸል የሚበቃው በግምት ማነጣጠር እዚህ ላይ አያዋጣም። ሬድ ዶት የሚባለው የነጥብ ማነጣጠሪያ ለተርኪ ጠመንጃ የወጣለት ገንዘብ የማያስቆጭበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ 40 ያርድ፣ ማለትም 36.6 ሜትር ይለኩ። በእርምጃ አይገምቱ፤ በሜትር ወይም በርቀት መለኪያ መሣሪያ ይለኩት። ለእያንዳንዱ ተኩስ አዲስ ወረቀት ይስቀሉ። ጠርዙ ላይ ጠመንጃውን፣ ቾኩን፣ የጥይቱን ዓይነትና ርቀቱን ወዲያውኑ ይጻፉ፤ አምስት ወረቀት ከተጠቀለለ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የለም። ከእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ሦስት ተኩስ ጥሩ ነው። የተንግስተኑ ዋጋ ከከበደዎት ሁለት ይበቃል፤ አንድ ግን አይበቃም። በተኩሶቹ መካከል በርሜሉ ይቀዝቅዝ፤ ትከሻዎም ይረፍ።

6. ቆጠራው

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከካርቶን 10 ኢንች ወይም 25.4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ይቁረጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ክቡን ፍሬው በጣም በተጠቀጠቀበት ቦታ ላይ ያኑሩና ዙሪያውን ያስምሩ። ያነጣጠሩበት ነጥብ መሐል መሆኑ ለጊዜው አያሳስብዎት፤ ስርጭቱ ከነጥቡ ምን ያህል እንደራቀ ግን ለብቻው ጽፈው ይያዙ፤ ማነጣጠሪያውን የሚያርሙት በዚያ ነው።

ክቡን በመስቀል ለአራት ይክፈሉና አንዱን ሩብ ጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሲቆጥሩ በባለቀለሙ እስክሪብቶ ይንኩት። የእርሳሱ ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ ትልልቅና ለየብቻ ናቸው፤ ጠርዛቸው የተሸረፈ፣ ሞላላ የሆኑም ያጋጥማሉ፤ እነዚያ ተጨፍልቀው የመጡ ፍሬዎች አሻራ ናቸው። የቁጥር 9 ተንግስተን ወረቀት ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ በስክሪብቶ ጫፍ የተወጉ ይመስላሉ፤ መሐሉ ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው ስለሚገናኙ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥተው በብርሃን ካላዩት አሳንሰው ይቆጥራሉ።

አዳኞች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ልክ በ10 ኢንቹ ክብ ውስጥ 100 ፍሬ ነው። በአንድ ርቀት ላይ 100 ካልሞላ ያ ርቀት ለዚያ ጠመንጃና ለዚያ ጥይት ሩቅ ነው። ቀደም ሲል ካሰላነው ጋር ያያይዙት። 300 ፍሬ ያለው የ12 ጌጅ እርሳስ 100 ለማግባት ከፍሬው አንድ ሦስተኛውን ክቡ ውስጥ ማኖር አለበት። 540 ያለው የ20 ጌጅ ተንግስተን ግን ከአንድ አምስተኛ በታች ይበቃዋል። ፎር ቴኗ ከአንድ ሦስተኛ ትንሽ የሚበልጥ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ለእሷ ቾክ የመምረጡ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ከቁጥሩ ሌላ ክፍተትም ይፈልጉ። የተርኪ ጭንቅላትና አንገት ሥዕል በወረቀት ቆርጠው በስርጭቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ያስቀምጡት። አንጎሉን ወይም የአንገቱን አጥንት የሚነካ ፍሬ የሌለበት ቦታ ካገኙ፣ ድምሩ 100 ቢያልፍም ያ ጥይት አስተማማኝ አይደለም። ለውሳኔ የሚይዙት ደግሞ ከተኩሶቹ የላቀውን ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛውን ነው፤ ጫካ ውስጥ የትኛው እንደሚደርስዎት አስቀድሞ አይታወቅምና።

እርሳሱ በ40 ያርድ ካልሞላ ወደ 35፣ ከዚያ ወደ 30 ያርድ እየቀረቡ ይድገሙት። ተንግስተኑ በ40 ተርፎ ከፈሰሰ ከፈለጉ 45ን ይሞክሩ። ስድሳን ለምን አልሞከርኩም ብለው ግን አይጸጸቱ።

7. ሊዘለል የማይገባው የቅርብ ሙከራ

አዳኙ የሴቷን ድምፅ አስመስሎ ሲጠራው የሚመጣ ተርኪ ብዙ ጊዜ ከታሰበው በላይ ይቀርባል። ስለዚህ አንድ አንድ ጥይት ከ15 ያርድ ይተኩሱ። ጠባብ ቾክ ያለው ተንግስተን በዚህ ርቀት ወረቀቱን አይረጭም፤ መሐሉን ቀድዶ አንድ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቀዳዳ ያወጣል። ስፋቱን በመዳፍዎ ይለኩት። ወፉ ጭንቅላቱን በዚያች ቅጽበት ቢያነቃንቅ ምን ያህል የስሕተት ቦታ እንዳለዎት ያ ቀዳዳ ይነግርዎታል። እርሳሱ እዚህ ላይ ትንሽ ይቅር ባይ ነው። አብዛኛው ተኩስዎ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ከ25 ያርድ በታች ከሆነ ቾኩን አንድ ደረጃ ማላላት ከጥይት ለውጥ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

የዘልቆ መግባቱን ልዩነት በዓይን ማየት ከፈለጉ ወፍራም አሮጌ የስልክ ማውጫ ወይም ካታሎግ ውሃ አርሰው፣ ካርቶን ላይ አስረው፣ ከ40 ያርድ አንድ ጊዜ በእርሳስ፣ በሌላ ማውጫ ላይ ደግሞ በተንግስተን ይተኩሱ። ገጽ እየገለጡ ፍሬው የቆመበትን ቦታ ያነጻጽሩ። ሳይንሳዊ ሙከራ ነው አልልም፤ ሁለቱ ፍሬዎች ሲወጡ ግን የእርሳሱ ጎን ተጠፍጥፎ፣ የተንግስተኑ እንደነበረ ክብ ሆኖ በጣትዎ መካከል ይዳሰሳል።

8. ውሳኔው

ያለዎት 12 ጌጅ ከሆነ፣ ርግጫውን ከቻሉት፣ እርሳስ በሚፈቀድበት ቦታ ከ35 ያርድ በታች የሚተኩሱ ከሆነና ወረቀቱ 100 ካሳየ፣ ተንግስተን አይግዙ። የተረፈውን ገንዘብ ለልምምድ ጥይትና ለቤንዚን ያውሉት። ያ ወፍ የተገደለው በርካሽ ጥይት ነው ብሎ የሚታዘብዎት የለም።

እርሳስ በተከለከለበት ቦታ የሚያድኑ፣ ትከሻቸው የሚያማቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተራራ የሚወጡ፣ ወይም ልጃቸውን ይዘው የሚወጡ ሰዎች ደግሞ 20 ጌጁን በቁጥር 9 ተንግስተን ያስቡበት። እኔ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። ጥይቱ ውድ ቢሆንም ማነጣጠሪያውን ካስተካከሉ በኋላ በአንድ ወቅት የሚተኮሰው ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ፎር ቴኗን ለታዳጊ ልጅ ወይም ሰውነቱ ደቀቅ ላለ ሰው እመርጣታለሁ፤ ወረቀቱ የፈቀደላትን ርቀት ይዘው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ሳያልፉ።

የሥጋውና የአካባቢው ጉዳይም በሚዛኑ ላይ ይግባ። ተርኪ የሚመታው ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ስለሆነ ደረቱ ውስጥ የሚገባው ፍሬ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ከእርሳስ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። እርሳስ የነካውን አንገትና አንጀት ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ ንስሮችን ይመርዛል፤ ይቅበሩት ወይም በላስቲክ ይዘው ይውጡ።

9. ጫካ ውስጥ

ዛፍ ተደግፈው እንደተቀመጡ፣ ወፉ ገና ሳይመጣ፣ የርቀት ገደብዎ የሚያልቅበትን ጉቶ ወይም ድንጋይ በመለኪያ ለይተው ያስምሩ። ጅራቱን ዘርግቶ የሚንጎማለል ወንድ ተርኪ አንገቱን ወደ ሰውነቱ ይሰበስባል፤ አይተኩሱ። ድምፅ ሰምቶ አንገቱን ቀጥ አድርጎ እስኪያነሣ ይጠብቁና ላባው አልቆ ቀይ ቆዳው የሚጀምርበትን ቦታ ያነጣጥሩ። ከኋላው ሌላ ወፍ ወይም ሰው አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ተንግስተን ጉልበቱን ይዞ ርቆ ስለሚሄድ ይህ ጥንቃቄ ከበፊቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ልብስ፣ ካልሲና መሐረብ ጭምር፣ ቤት ይቅር። የወንድ ተርኪ ጭንቅላት ቀለማት እነዚህ ናቸው። የተርኪ ጥሪ ወደሰሙበት አቅጣጫም እየተሳቡ አይሂዱ፤ የሚጠራው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል።

10. ወጥ ቤትና መጋዘን

አራራድን በተመለከተ የእምነትዎን ሥርዓት አስቀድመው የሃይማኖት አባት ይጠይቁ፤ ጭንቅላቱ የተመታ ተርኪ ለቢላ ጊዜ የማይሰጥበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የቨርጂኒያ ወቅት በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ስለሚከፈት አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ሳይፈታ ይደርሳል፤ ወፉ ተገንጥሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ፋሲካን ይጠብቃል። ደረቱ ለጥብስ ይሆናል፤ ታፋና እግሩ ግን ጅማታም ስለሆነ እንደ ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ካልተቀቀለ አይበላም። ሲገነጥሉ ላባ ተጎትቶ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጣት ዳስሰው ፍሬውን ያውጡ። እርሳስ ጥርስ ሥር ይላላል፤ ተንግስተን ግን ጥርሱን ራሱን ይሰብራል።

የተረፈውን ጥይት ከነሣጥኑ ያስቀምጡ፤ በየጃኬቱ ኪስ አይበትኑት። በተለይ ቤትዎ ውስጥ 12 እና 20 ጌጅ አብረው ካሉ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት በስሕተት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ሾልኮ ወደ ፊት ይወርድና በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት በላዩ 12 ጌጅ ጎርሶ ሲተኩስ በርሜሉ ግራ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ንጋት ሳይቀድድ፣ በጨለማ፣ ቀለሙ አይታይም። ጠመንጃ በቀየሩ ቁጥር የኪስዎን ጥይት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አራግፈው፣ የሚይዙትን ጌጅ ብቻ መልሰው ይጨምሩ።